ቀለሙን የቀባው ሰው

ሆሊስ ፕሩዊት የቶምሊን ኮሌጅን ሜዳ ሃያ ሰባት ዓመት ሲንከባከብ ስሙ አንድም ቀን ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ እንዲወጣለትም ፈልጎ አያውቅም። ሥራውን የጀመረው ይሠራበት የነበረው የጥጥ መዳመጫ አዲስ ማሽን አስገብቶ ግማሹን ሠራተኛ ሲያሰናብት ነው። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። አማቱ በኮሌጁ የቧንቧ ሠራተኛ ስለነበሩ፣ "ሣር ማጨድ ታውቃለህ?" አሉት። "ሣር ማጨድ የማያውቅ ማን አለ?" አላቸው። በማግስቱ ጠዋት ማጨጃው ላይ ተቀመጠ። ሣር ማጨድ እንደማያውቅ የገባው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ፌርሎ በሰሜን አላባማ ያለች፣ አንድ ኮሌጅ፣ ሁለት የትራፊክ መብራትና አሥራ አራት ቤተ ክርስቲያን ያላት ከተማ ናት። እዚያ እግር ኳስ ሲባል ኳሷን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ አልፎ አልፎ ብቻ በእግር የሚመቱበት ዓይነት ነው። ሌላ እግር ኳስ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ቢኖርም አያነሳውም። ቶምሊን ቅዳሜ ከተሸነፈ ሰኞ ዕለት ባንክ ቤት ውስጥ ሰው የሚነጋገረው አስከሬን የወጣበት ቤት ያለ ይመስል በሹክሹክታ ነው።

ሆሊስ ዝምተኛ ሰው ነበር። በጨዋታ ቀን የሚቆመው ከደቡቡ የጎል ምሰሶ ጀርባ ካለው አጥር ጋ ሲሆን ዓይኑም ከተጫዋቾቹ እግር አይነቀልም፤ ኳሷን አይከተልም። የትኛው ልጅ ሲዞር ሣር እንደሚነቅል፣ የትኛው ጥግ ውሃ እንደሚቋጥር በቃሉ ያውቃል። ቤቱ ሲገባ፣ "ስንት ለስንት አለቀ?" ብሎ ሬዲዮ ስታዳምጥ የዋለችውን ሚስቱን ኔልዳን ይጠይቃል። ጎረቤቶቹ ይህን እንደ ቀልድ እየተቀባበሉ ያወሩታል። ቡድኑን ግን አይወድም ማለት አይደለም። ቶምሊን በተሸነፈ ቅዳሜ እራት አይበላም ነበር።

በፈረንጆቹ 1986 መከር ኮሌጁ መቶኛ ዓመቱን አከበረ። ከባላንጣቸው ከዊትኮም ኮሌጅ ጋር ከሚደረገው የኅዳር ጨዋታ በፊት፣ ሰኞ ዕለት፣ ሚስ ኦልድሪጅ የምትባል የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አድርጋ ሜዳው ዳር ድረስ መጣች።

"ሚስተር ፕሩዊት፣ ፕሬዚዳንቱ '100' የሚል ቁጥር ሜዳው ላይ በትልቁ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ። ከደቡቡ ምሰሶ ፊት ለፊት። የክብር እንግዶቹ የሚቀመጡት በዚያ በኩል ነው።"

"ምን ያህል ትልቅ?"

"ከአውሮፕላን የሚታይ።"

"በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው አለ?"

ሚስ ኦልድሪጅ አልሳቀችም። "ሰማያዊው ደማቅ ይሁን። ለምረቃው የቀባችሁት እኮ የታጠበ ጂንስ ነበር የሚመስለው።"

"ደማቅ ከሆነ ሁለት እጅ መቀባት አለበት። ሁለት እጅ ከተቀባ ደግሞ አንድ ቀን ተኩል ፀሐይ ይፈልጋል።"

"እንግዲህ ፀሐዩን ለእግዚአብሔር እንተውለት" ብላ ጫማዋ ላይ የተጣበቀውን ሣር አራግፋ ሄደች።

ረቡዕ ማታ የጀመረው ዝናብ ሐሙስን ሙሉ ሲጥል ዋለ። ሆሊስ መቀባት የጀመረው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነው። የመጀመሪያው እጅ ሳይደርቅ ሁለተኛውን ደረበበትና አሥር ሰዓት ላይ ጨረሰ። ሌሊቱ ቀዘቀዘ። ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ መጥቶ መዳፉን በመጨረሻው ዜሮ ላይ ጫን አደረገ። ሲያነሳው መዳፉ ሰማያዊ ሆነ።

ከመሣሪያ ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ከረጢት ደረቅ አሸዋ ነበረ። ከላይ ቢነሰነስበት እርጥበቱን ይመጥጣል፣ እግርም ይይዛል። ግን ሰማያዊው አመድማ ይሆናል፤ እንግዶቹም የሚያዩት የተረሳ መንገድ የሚመስል ነገር ነው። ሆሊስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆመ። እስከ ቀትር ፀሐይ ይወጣል ብሎ አሰበ። እጁን በቧንቧው ታጠበና መስመሮቹን ሊያይ ሄደ።

ፀሐዩም ወጣ። ቀለሙ ከላይ የደረቀ መስሎ አማረ። ሚስ ኦልድሪጅ ከላይ ከመቀመጫዋ ሆና እጇን አወዛወዘችለት።

ቶምሊን ዊትኮምን ካሸነፈ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር። በዚያ ቀን ግን ጨዋታው እስከ መጨረሻው አንገት ለአንገት ሆነ። አራት ሰከንድ ሲቀር ዊትኮም አሥራ ሰባት፣ ቶምሊን አሥራ ስድስት ነበር፤ ሁሉም ሰው ቁጥሩን ዛሬም በቃሉ ያውቀዋል። ኳሷ ከደቡቡ ምሰሶ ፊት ናት። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል፣ ከአግዳሚው በላይ ካለፈች ሦስት ነጥብ ነው። ርቀቱ ሃያ ሰባት ያርድ። የቡድኑ መቺ ዱዌይን ሜብሪ ይባላል፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ የዶሮ አርቢ ልጅ። በዚያ ዓመት ከመታቸው አሥራ አራት ኳሶች የሳተው አንዱን ብቻ ነበር። ሰዉ ደስታውን ቀድሞ ጀምሮ ባርኔጣ ወደ ላይ እየወረወረ ነበር።

ሆሊስ ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ የልጁን ግራ እግር አየ። እግሩ መጥቶ የመጨረሻው ዜሮ ላይ አረፈ፤ ሰማያዊው ከሥሩ ሸሸ፤ ልጁ ወደ ኋላ አጋደለ። ኳሷ ዝቅ ብላ ወጣችና አግዳሚውን ገጭታ ተመለሰች።

ከአሥራ አንድ ሺህ ሰው መካከል፣ በአንዱ ጥግ የነበሩት የዊትኮም ደጋፊዎች ብቻ ይጮኹ ነበር።

ሰዉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ሆሊስ እንደ ወትሮው ባልዲውንና የአፈር መውጊያ ሹካውን ይዞ ገባ። ባልዲው ውስጥ አፈር፣ አሸዋና የሣር ዘር የተቀላቀለበት ነው። ሁልጊዜ ከደቡብ ጀምሮ ወደ ሰሜን እየሄደ የተነቀለውን ይደፍናል። ዜሮው ላይ ሲደርስ ክንድ የሚያህል ጭረት አገኘ። የላይኛው ቀለም እንደ ወተት ስልባቦት ተልጦ ተሰብስቧል፤ ከሥሩ ያለው ገና ሰማያዊ ጭቃ ነው። ልጣጩን አነሳ፣ አፈሩን ሞላ፣ በጫማው ጠቀጠቀና ወደሚቀጥለው አለፈ። መሃል ሜዳ ሲደርስ ቆመ። በገዛ እጁ ምን እንደደፈነ የታወቀው ያኔ ነው። እጁ የለመደውን ሥራ ሠርቶ ነበር፤ ሌላ ነገር አላሰበም። አሁን ግን ያን ጭረት ከእሱ ሌላ ያየ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት በኢምጂን ቁርስ ቤት የመስኮቱ ዳር ጠረጴዛ እንደ ፍርድ ቤት ተሰይሞ ነበር። ሆሊስ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጦ እንቁላሉንና የበቆሎ ገንፎውን ይበላል።

"ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው፤ አለቀ!" አለ ቡፎርድ ክሌግ። ቡፎርድ አርባ ዓመት ፋርማሲስት ሆኖ ስለሠራ ማንኛውንም ነገር የሚናገረው መድኃኒት እንደሚያዝ ሰው ነው። "ሃያ ሰከንድ ነበረህ። ሰዓቱን ማስቆም ትችላለህ። ኳሷ ወደ ቀኝ ናት። አንዴ አስሩጥና መሃል አምጣት! የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ እንኳ ይህን ታውቃለች።"

"እንግዲያው አሰልጣኝ ራስክን አባርረን የልጅ ልጅህን እንቅጠራት!" አለ ያገለገሉ ትራክተሮች የሚሸጠው ዊንደል። "ሰውዬ፣ ሃያ ሰባት ያርድ እኮ ነው! ሃያ ሰባት! እኔ በዚህ በታመመ ጉልበቴ፣ በቤት ጫማ አገባታለሁ!"

"አንተ በቤት ጫማ እስከ ፖስታ ሳጥንህ ደርሰህ መመለስ አቅቶህ ሠላሳ ዓመት አይቼሃለሁ" አለ ሮስኮ። ሮስኮ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። "ደብዳቤህን በር ድረስ ያመጣሁልህ ማን መሰልኩህ?"

ጠረጴዛው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ዊንደል ራሱ ሳቀ።

"እኔ የምላችሁ" ሮስኮ ሹካውን አስቀመጠ፤ "ጨዋታው ያለቀው በሁለተኛው ሩብ ነው። ያ ቀጫጫው ልጅ ኳስ ከእጁ ሲያመልጠው ሰባት ነጥብ ሰጠናቸው። ያን የሚያነሳ አንድ ሰው አለ? የለም። ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ኳስ ብቻ ነው።"

"የመጨረሻዋ ኳስ ናታ የምትቆጠረው!"

"ሰባቱም ነጥብ ይቆጠራል፣ ዊንደል። መደመር አልተማርክም?"

ኢምጂን ቡናቸውን ልትሞላላቸው መጣች። "ጥፋተኞቹማ እናንተ ናችሁ" አለች። "ባለፈው ዓመት ዊትኮም ሲያሸንፈን ጠዋት የተቀመጣችሁበት ወንበር ላይ ነው ቅዳሜም ተደርድራችሁ ያገኘኋችሁ። ተነሱ ብያችሁ አልነበር?"

"እውነቷን ነው" አለ ቡፎርድ፤ ለአፍታ የምር የደነገጠ መሰለ።

ከዚያ ዊንደል ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ዞረ። "ሆሊስ! አንተ እኮ ከሁላችንም የቀረብክ ነበርክ። አፍንጫህ ሥር ነው የሆነው። ምን አየህ?"

ሆሊስ አፉን ጠረገ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረም። "እግሩን አየሁ" አለ።

"እና?"

"ተንሸራተተ።"

ሊቀጥል ነበር። ቀለሙን ሊነግራቸው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ይህን በኋላ ለኔልዳ ምሎ ነግሯታል። ግን ዊንደል ጠረጴዛውን በጡጫ መታው።

"አላልኳችሁም? ተንሸራተተ! ለምን ተንሸራተተ? ጥርሱ ያጠረ ታኬታ ስላደረገ! የወንድሜ ልጅ ልብሳቸውን ነው የሚያቀርብላቸው፤ 'ረጅሙን አድርግ' ቢለው እምቢ አለ ብሎኛል። ይኸው፣ ሆሊስ ራሱ አይቷል!"

"እኔ ስለ ታኬታ..."

"ሆሊስ አይቷል! ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ?"

ክርክሩም እንደ ጎርፍ ወደዚያ ሄደ። ሆሊስ ሂሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ቡፎርድ ስለ ታኬታ ጥርስ ርዝመት በናፕኪን ላይ ሥዕል ይሥል ነበር።

ዝምተኛ ሰው አንዴ የተናገረው ነገር እንዲህ ነው የሚይዘው፤ ማክሰኞ ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ "ሆሊስ ፕሩዊት እንኳ መስክሮበታል" ይል ጀመር። ረቡዕ ጠዋት ሆሊስ በትራክተሩ በተማሪዎቹ ማደሪያ በኩል ሲያልፍ፣ ዱዌይን ከሚኖርበት ሕንፃ ፊት ያለው የኦክ ዛፍ ላይ ጫማ ተንጠልጥሎ አየ። የሴት ባለ ተረከዝ፣ የሕፃን ጫማ፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣ አንድ አሮጌ ቡትስ፤ ከሠላሳ የሚበልጥ። ከግንዱም ላይ "ምረጥና አድርግ" የሚል ካርቶን ተሰክቷል።

መሰላል አምጥቶ ሁሉንም አወረደ። ማንም እንዲያወርድ አላዘዘውም። ሁለት የሚያልፉ ተማሪዎች፣ "አይ፣ ሚስተር ሆሊስ፣ ቀልዱን አበላሹብን!" አሉት። "ዛፉ የኮሌጁ ነው" አላቸውና ጫማዎቹን በከረጢት ሞልቶ ጫነ።

ሜዳው ሲደርስ ዱዌይን ሜብሪ ብቻውን ከምሰሶው ፊት ቆሞ አገኘው። በብብቱ ሦስት ኳስ ይዟል፤ አልመታም።

"እዚህ መሆን እችላለሁ፣ ሚስተር ሆሊስ?"

"ሜዳው የኮሌጁ ነው።"

"ሰው ሁሉ የእርስዎ ነው ይላል።"

ሆሊስ ከትራክተሩ ወረደ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያውቅበትም። "ቀለሙ እርጥብ ነበር" አለው። "ጠዋት ነክቼው አውቄያለሁ። አሸዋ ላደርግበት እችል ነበር፤ መልኩ እንዳይበላሽ ብዬ ተውኩት። አንተ የተንሸራተትከው በቀለሙ ነው። ታኬታህ ምንም አላደረገ።"

ልጁ ኳሶቹን አንድ በአንድ ሣሩ ላይ አስቀመጠ።

"እኔም አውቄ ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"እርጥብ መሆኑን። ከጨዋታው በፊት ስለማመድ ጫማዬ ላይ ሰማያዊ አየሁ። ኳሷን ለሚያቆምልኝ ልጅ፣ 'አንድ ያርድ ወደ ኋላ እንቁም' ልለው እችል ነበር። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ፈራሁ ያስመስልብኛል ብዬ ተውኩት።"

"ይህን ለሰዎቹ ብትነግራቸው..."

"ለማን? ለዊንደል?" ዱዌይን ፈገግ አለ፤ ፊቱ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነበር። "ሚስተር ሆሊስ፣ እርስዎም አይናገሩ። ቢናገሩ፣ 'መምታት አቅቶት ሽማግሌ ከፊት አቆመ' ነው የሚሉኝ። አንድ ጨዋታ ይቀረናል። እሱን እመታለሁ፣ ከዚያ ያልፋል።"

ሆሊስ ተመልሶ ትራክተሩ ላይ ወጣ። ልጁ ሲመታ ለማየትም አልቆመም፤ ማጨጃውን ወደ ሰሜኑ ጫፍ ይዞ ሄደ።

ሐሳቡን የለወጠችው ኔልዳ ናት፤ አስባበት ግን አይደለም። ሐሙስ ከገበያ ተመልሳ ዕቃዋን እያስቀመጠች፣ "የሜብሪ ልጅ እናት ስልኳን ከግድግዳው ነቅላዋለች አሉ" አለችው።

"ለምን?"

"ሰው እየደወለ ያስቸግራታላ። የጫማ ቁጥር ስንት ነው እያሉ ይጠይቋታል። አንዱማ ቤተ ክርስቲያን አብራት የምትዘምር ሴት ናት አሉ።"

ሆሊስ የያዘውን ጋዜጣ አጠፈ። እሷም ያኔ ነው ከሰኞ ጀምሮ እራት በደንብ ያልበላበትን ምክንያት የጠየቀችው፤ እሱም ነገራት። ኔልዳ ቁጭ ብላ ሰማችው። "እንግዲህ ለእኔ መንገር ምን ይጠቅማል?" አለችው። "እኔ ማንንም አልሰደብኩ።"

በየሐሙሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የከተማው ሬዲዮ ከቬስታል ዓሣ ቤት በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። አሰልጣኝ ራስክ ማይክ ፊት ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ እየበላ የደጋፊዎችን ጥያቄ ይመልሳል። በዚያ ሐሙስ የመቆሚያ ቦታ አልነበረም። ሰዉ ጣፋጭ ቀዝቃዛ ሻዩን ይዞ በየግድግዳው ተደግፏል። ቡፎርድ ጥያቄዎቹን በቁጥር ጽፎ አምጥቷል፤ ዊንደል የፊቱን ጠረጴዛ ይዟል። አሰልጣኙ ስለ ሃያው ሰከንድ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ሰጠ። ከዚያ ሆሊስ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ፊት መጣ።

"ጥያቄ የለኝም" አለ። ድምፁ ከማይኩ ራቅ ይል ስለነበር የሬዲዮው ሰው እጁን ይዞ አቀረበው። "ሜዳውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ሰማያዊው ቅዳሜ ጠዋት አልደረቀም ነበር። አውቄያለሁ። አሸዋ ሊደረግበት ይገባ ነበር፤ አላደረግሁም። ልጁ የተንሸራተተው በዚያ ነው። ከጨዋታው በኋላ ጭረቱን አይቼዋለሁ፤ ደፍኜዋለሁ። ለልጁ እናት የምትደውሉ ሰዎች ለእኔ ደውሉ። ቁጥሬ የስልክ ማውጫው ላይ አለ።"

ወጥ ቤት ውስጥ ዘይት ሲንጨረጨር ይሰማ ነበር።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ዊንደል። "ዊትኮምም እኮ እዚያው ቀለም ላይ ቆሞ መትቶ አግብቷል!"

"እሱ በመጀመሪያው አጋማሽ ነው" አለ ሮስኮ። "ያኔ ላዩ ገና አልተላጠም።"

"ለመሆኑ ማን ነው ቅቡ ያለው?" አለ ቡፎርድ ከወንበሩ ተነስቶ። "ፕሬዚዳንቱ! እኔስ ምን ስል ቆየሁ? በዓል ምንድን ነው? ሃምሳኛው ዓመት ሲከበር አንድ ጠብታ ቀለም አልተቀባም፤ ያሸነፍነውም ለዚያ ነው!"

"በሃምሳኛው ተሸንፈናል!" አለ አንዱ ከበሩ በኩል።

"አሸንፈናል! ታላቅ ወንድሜ ተጫውቷል!"

"ወንድምህ ተጫውቶ ነዋ የተሸነፍነው!"

ያኔ ቤቱ ፈነዳ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ፣ ሁለት ሰዎች በሃምሳኛው ዓመት ውጤት ሊወራረዱ እጅ ለእጅ ተያያዙ። አሰልጣኝ ራስክ ጫጫታው መሃል ወደ ሆሊስ ጎንበስ ብሎ፣ "ተቀመጥ፣ ሆሊስ፤ ዓሣ ብላ" አለው። "እኔም ጠዋት በዚያ በኩል አልፌያለሁ። ጎንበስ ብዬ አልነካሁትም።" ይህን የተናገረው ከማይኩ ፊቱን አዙሮ ነው።

ሆሊስ አልተቀመጠም። ሊወጣ ሲል ዊንደል እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። "ስማ፣ ሆሊስ፣ በዚህ ነገር ራስህን አታስጨንቅ። አንተ ሣር አጫጅ ነህ። ሣር አጫጅ ጨዋታ አያሸንፍም፣ አያስሸንፍምም።" ይህን ያለው ከልቡ አዝኖለት፣ ሊያጽናናው ነው። ሆሊስም ይህ ገብቶታል። ሆኖም ከዚያ ቀን በኋላ ከዊንደል ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ወንበሩን ትንሽ ራቅ ያደርግ ነበር።

ቤት ሲደርስ ኔልዳ ሬዲዮኑን አልዘጋችውም። ክርክሩ አሁንም ይሰማል።

"ሰማሁህ" አለችው።

"እንዴት ነበር?"

"መጀመሪያ ላይ ራቅክ። በኋላ ግን ጥሩ ይሰማ ነበር።" የአሳማ ሥጋውን ከምድጃ አወጣችለት። "የሚያምኑህ አልመሰለኝም።"

"አመኑኝ" አለ ሆሊስ እጁን እየታጠበ። "ምንም አልለወጠባቸውም እንጂ።"

በዚያ ሳምንት ስልኩ የደወለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ቁጥር ተሳስቶ ነው። ሁለተኛዋ የዱዌይን እናት ነበረች፤ ለኔልዳ፣ ሆሊስን አመስግኚልኝ ብላ የዶሮ ጥብስ አሠራሯን ነግራት ዘጋች። ቅዳሜ ቶምሊን ከሜዳው ውጭ ተጫውቶ አሸነፈ። ዱዌይን ሦስት መትቶ ሦስቱንም አስገባ፤ አንዷ ከአርባ አንድ ያርድ ነበረች። ሰኞ በኢምጂን ቤት ስለ ሦስቱ ኳሶች ያነሳ አልነበረም። የሚወራው አሁንም ስለ ዊትኮም ነው። ዛፉ ላይ ያለው ጫማ እስከ ገና በዓል ድረስ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት እየሆነ ብቅ ይል ነበር፤ ሆሊስ ሲያልፍ እያወረደው በመጨረሻ ነገሩ ሰለቻቸው። በጥር ከፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት አንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ፤ ከእንግዲህ ከመስመር በስተቀር ሜዳው ላይ ምንም ነገር እንዳይቀባ ያዛል። ሚስ ኦልድሪጅ ግን በግሏ ሌላ ማስታወሻ ጽፋለት ነበር፤ ቁጥሩ በፎቶው ላይ በጣም አምሮ መውጣቱን የሚገልጽ።

ራስክ ከሁለት ዓመት በኋላ በሌሎች ሽንፈቶች ተባረረ። ሆሊስ በ1992 ጡረታ ወጣ። ያ ሽንፈት ግን አልተረሳም፤ በየኅዳሩ ይነሳል። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ቀለሙም የራሱን ትንሽ ቦታ አገኘ፤ ግን የቀቢው ስም ተለወጠ። ቀለሙን የቀባው ከበርሚንግሃም የመጣ ድርጅት ነው ይላሉ። አንድ ቀን የመኪና ጎማ ሲያስቀይር፣ አንድ ወጣት ሠራተኛ ነገሩን ከሀ እስከ ፐ ለሆሊስ ራሱ ነገረው። ድርጅቱ የዊትኮም ሰዎች እንደነበሩበትም ጨመረለት። ሆሊስ፣ "ከበርሚንግሃም አልነበረም" አለ። ወጣቱ፣ "አይ አባባ፣ አጎቴ እዚያ ነበር" ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ሆሊስም ተወው።

ዱዌይን ሜብሪ ተመርቆ በደቡብ አላባማ በአንድ ትንሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርና የቡድኑ አሰልጣኝ ሆነ። አንድ የበጋ ቀን ለሆሊስ ደወለ። ትምህርት ቤቱ አዲስ ሜዳ ሠርቶ ሣሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሞቶባቸዋል፤ መጥተው ያዩልኛል ወይ? አለው። ሆሊስ ኔልዳን ይዞ አራት ሰዓት ነድቶ ሄደ። ሁለት ቀን በዱዌይን ቤት አደሩ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ወንዶች አካፋ ይዘው ሜዳውን በአሥራ ሁለት ቦታ ቆፈሩት። ከአንድ ክንድ በታች ያለው ሸክላ አፈር ነው፤ ውሃ የሚሄድበት የለም። ሆሊስ ከጉድጓዱ አንድ እጅ አፈር አንስቶ ጨመቀውና፣ "ይህን ሁሉ ታወጣዋለህ" አለው።

"ሜዳውን በሙሉ?"

"በሙሉ። ቱቦ ትቀብራለህ፣ ከላይ አሸዋ የበዛበት አፈር ትሞላለህ። ካልሆነ በየዓመቱ ትደውልልኛለህ።"

ዱዌይን ወገቡን ይዞ ሜዳውን ዳር እስከ ዳር አየ። የትምህርት ቤቱን ቦርድ እንዴት እንደሚያሳምን ያስብ ጀመር፤ ሆሊስም ስለ ቱቦዎቹ ርቀት በወረቀት ላይ ጻፈለት። በሁለቱ ቀን ስለ ዊትኮም ጨዋታ አንዳቸውም አላነሱም። እሑድ ከቁርስ በኋላ ሆሊስና ኔልዳ ተነስተው ሄዱ፤ መንገዱ ረጅም ስለነበር ቤታቸው የገቡት ከምሳ በኋላ ነው።